ኦዲተር ማለት ሰሚ ማለት ነበር

ባለፈው እትማችን የወጣውን፣ እኛን የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ልክ ልካችንን የነገረውን መጣጥፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ወንድማችን ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትልቅ የኦዲት ድርጅት በተግባር ልምምድ አሳልፎ ሲመለስ፣ ጠበል ገብቶ ዓይኑ እንደ በራለት ሰው ሆኖ ተመልሷል። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቁጥር አይዋሽም፤ ወረቀት አያዳላም፤ ሥነ ጽሑፍ ግን ወሬ ነው፤ ስለዚህ ግጥሙን ተዉትና ደረሰኝ ማንበብ ተማሩ። ጽሑፉን ካፌ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ የሳቁብን ብዙ ናቸው። ከእኛው ክፍል ውስጥም «ምን ታረገዋለህ፣ እውነቱን እኮ ነው» ያሉ አልጠፉም።

እኔ አልሳቅሁም፤ አልተቀየምኩምም። እኔም ያንን ክረምት እዚያው ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የከረምኩት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጠቡ ከአንድ ቤት ጋር አይደለምና። ወንድማችን ያየውን ሁሉ አይቻለሁ። እሱ ያላየውን፣ ወይም አይቶ ያለፈውን ግን እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለክፍላችን ክብር ለመሟገት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የ18,600 ብር ዕዳ ጥዬ ስለ መጣሁ ነው። የጣልኩትም በእርሳስ ነው፤ በአንዲት ምልክት።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የቋንቋ ተማሪ ኦዲት ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ድርጅቱ የእርዳታ ድርጅቶችን ሒሳብ ይመረምራል። ሰነዱ በአማርኛ ነው፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ለጋሽ ግን ባሕር ማዶ ነው ያለው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን፣ የክፍያ ዝርዝሩን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ፣ የሪፖርቱንም ቋንቋ የሚያርም ሰው ያስፈልጋቸዋል። በዘመድ ዘመድ ተፈልጌ ገባሁ። ደመወዝ የለም፤ የታክሲ ይሰጣል። በሁለተኛው ሳምንት ትርጉሙ ሲያልቅ «በቃ ቫውቸር እያየህ አግዘን» ተባልኩ። ኦዲተር ሆንኩ ማለት ነው፤ ያውም በአሥር ቀን።

መጀመሪያ ላይ ደስ ነው ያለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ! ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ» የሚል ዘበኛ። ወግዲ ያለችው እናቴ በስልክ «የት ነው የምትውለው?» ስትለኝ «ቢሮ» አልኳት፤ ትንሽ ዝም አለችና እልል አለች። ሥራውም ቢሆን ሥራ ነው። አንድን ወጪ ከመዝገብ አንስቶ ወደ ቫውቸሩ፣ ከቫውቸሩ ወደ ደረሰኙ፣ ከደረሰኙ ወደ ግዥ መጠየቂያው፣ ከዚያም ወደ ባንክ መግለጫው እየተከታተሉ መውረድ ጥሩ ልቦለድ እንደ ማንበብ ነው። ብር ዱካ አለው። ዱካው ከተቋረጠ ወይ ሌባ አለ ወይ ሰነፍ አለ ብለው አስተማሩኝ። ሦስተኛ ነገር ሊኖር እንደሚችል ግን የነገረኝ የለም።

ሦስተኛውን ነገር ያገኘሁት በነሐሴ ነው።

አንድ ቀን ከካርቶን ውስጥ የወጣው ፋይል የገዛ አገሬ ሆኖ ተገኘ፤ ደቡብ ወሎ፣ ወግዲ ወረዳ፣ የምንጭ ማጎልበት ሥራ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወግዲ ማለት ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም ጎረቤት፣ ደጋው እንደ ገበታ ተዘርግቶ ሳለ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድበት አገር ነው። መኪና ከላይ ደጋው ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለው መንገድ የእግርና የአህያ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ በራሱ እግር ምንጭ አይወርድም።

ስለዚህ 124 ከረጢት ሲሚንቶ በአህያ ወርዷል። ለአንድ ከረጢት 150 ብር ተከፍሏል። ያወረዱት 31 ባለ አህዮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4 ከረጢት፣ ለሰው 600 ብር። ጠቅላላው 18,600 ብር። ማስረጃው አንድ ወረቀት ነው፤ የ31 ሰው ስም፣ በየስሙ አንጻር የጣት አሻራ፣ ከታች የፕሮጀክቱ ገንዘብ ያዥና የምንጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ።

ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። አሻራዎቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ሰማያዊው ቀለም ፈሶባቸዋል። ሦስቱ ወይም አራቱ አንድ ይመስላሉ። የመታወቂያ ቁጥር የለም። እኔ እኮ አገሬን አውቀዋለሁ። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ዕርፍ ሲጨብጥ የኖረ አውራ ጣት መስመሩ ተፍቆ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ የአባቴን ጣት እያየሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን «ጎበዝ ነው፣ ዓይን አለው» መባል አማረኝ። የአገሩ ልጅ ነውና አዳላ እንዳልባልም ፈራሁ። በእርሳስ ምልክቴን አደረግሁና ከጎኑ ጻፍኩ፦ «አሻራዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የተከፋዮቹ ማንነት አልተረጋገጠም።» ሲኒየራችን አየችውና «አንተ እኮ ከአካውንቲንጎቹ ትበልጣለህ!» አለችኝ። የዚያን ቀን ማኪያቶ የጋበዘችኝ እሷ ናት።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ወረቀቱ ላይ አለ» አልኳት። «ደውለን ብንጠይቀውስ? ሠላሳ አንዱንም በስም ያውቃቸዋል። ከነሱም ስልክ ያለው አይጠፋም።»

ሳቀች፤ በክፋት አይደለም። «ወንድሜ፣ ለዚህ ፋይል የተያዘው 60 ሰዓት ነው። 71 በልተናል። ያንተን ስልክ በየትኛው ሰዓት ላይ ልጻፈው?»

«አሥር ደቂቃ ነው እኮ።»

«በስልክ የሚያወራው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? የሰው አፍ ማስረጃ አይሆንም።»

«እኔ አውቃቸዋለሁ፤ የአገሬ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«አንተ ምስክር አይደለህም፤ ተለማማጅ ነህ» አለችኝ።

አንባቢ ይህችን ልጅ በክፉ እንዳያይብኝ። ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዓይኗ ቀልቶ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ነገሩ ያለው በሥራው አሠራር ላይ ነው። ኦዲት የሚሸጠው በሰዓት ተሰልቶ ነው። ድርጅቱ ሥራውን ሲጫረት ይህን ያህል ሰዓት ይፈጅብኛል ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፤ ሠራተኛው በየቀኑ እያንዳንዱን ሰዓቱን በየፋይሉ ይመዘግባል፤ ከተያዘው ሰዓት ያለፈው ሁሉ ኪሳራ ነው። እንግዲህ አስቡት። ምልክት ማድረግ ሁለት ሰኮንድ ነው፤ መጠየቅ ግን ደውሎ ማጣትን፣ መልሶ መደወልን፣ ማዳመጥን፣ ሌላ ሰው ጠይቆ ማመሳከርን ይፈልጋል። ዝምታ ርካሽ ነው፤ መስማት ውድ ነው። ገበያውም ርካሹን መረጠ።

እዚህ ላይ ነው ወንድማችን ጸሐፊ የናቀው የቋንቋ ትምህርት የሚመጣው። «ኦዲት» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከላቲን ነው፤ ትርጉሙ «መስማት» ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር ሒሳብ የሚመረመረው በንባብ ነበር። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሹሙ የገባውንና የወጣውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ መርማሪው ተቀምጦ ያዳምጣል። ኦዲተር ማለት ሰሚ ማለት ነበር! ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ግብሩ ግን ተለውጦ፣ ዛሬ ኦዲተር ዓይን ብቻ ሆኗል፤ ጆሮው ተደፍኗል።

ሒሳብና ሥነ ጽሑፍ ጠላት ናቸው ያለንስ ማነው? እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ የሁለትዮሽ አመዘጋገብን በመጽሐፍ አትሞ ለዓለም ያስተማረው ሉካ ፓቾሊ የፍራንቸስካውያን መነኩሴ ነበር፤ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ። ዘዴውን እሱ አልፈጠረውም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት አይቶ፣ ጠይቆ ጻፈው። ወደ አገራችን እንምጣ። በ1910ሮቹ ዓ.ም. ለመድረክ የበቃውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቀዳሚ ቲያትራችንን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ማዕረጋቸው ምን ነበር? በጅሮንድ! የመንግሥት ግምጃ ቤት ሹም ማለት ነው። ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። የቲያትራችን አባት ቁጥር አዋቂ ነበሩ። ቁጥር ማወቃቸው የአውሬን ቋንቋ ከመስማት አላገዳቸውም፤ እንዲያውም በአውሬ አፍ የባለሥልጣንን ገበና ተናገሩበት።

«ወረቀት አያዳላም» ለሚለውም መልስ አለኝ። በአሜሪካ ኤንሮን የተባለው ግዙፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ሲከስር ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን በመላው ዓለም 85,000 ያህል ሠራተኛ የነበረው፣ ከምድር ትልልቆቹ የሒሳብ ድርጅቶች አንዱ ነበር። ወረቀት አምላኪው ድርጅት መጨረሻው ምን ሆነ? የኤንሮንን ወረቀት በመቆራረጥ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርዱን ሲሽር ድርጅቱ ቀድሞ ፈርሶ ነበር። ይህ የድሮ ነው ካላችሁ የቅርቡን እነሆ። በጀርመን ዋየርካርድ የተባለው ኩባንያ ሒሳብ ለዓመታት በኤርንስት ኤንድ ያንግ እየተፈረመለት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የገባበት ጠፋ። ገንዘቡ አለባቸው የተባሉት ሁለት የፊሊፒንስ ባንኮች ሲጠየቁ፣ ኩባንያው ደንበኛችን አይደለም፣ ሰነዱም ሐሰተኛ ነው አሉ። ልብ በሉ፤ ሲጠየቁ! 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ማኅተም ስላለው ታመነ፤ 18,600 ብር አውራ ጣት ስለ ሆነ ተጠረጠረ። ወረቀትስ ያዳላል ወንድሜ። ወረቀት ማተም ለሚችል ያዳላል።

ደግሞስ የሙያው መጽሐፍ ራሱ ምን ይላል? ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ማስረጃ የሚሰበሰብባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር ሰነድ መመርመርን ብቻ አያስቀምጥም። በቦታው ተገኝቶ መታዘብን፣ ከሦስተኛ ወገን በቀጥታ ማረጋገጫ መጠየቅን፣ እንደገና ማስላትን፣ ሰውን መጠየቅንም ይቆጥራል። መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃም ያስጠነቅቃል። ልክ ነው፤ እኔም አልክድም። ግን «ብቻውን አይበቃም» ማለትና «አያስፈልግም» ማለት አንድ ነው እንዴ? እኛ ያንን ክረምት ያደረግነው ከመጽሐፉ ግማሹን ቀዶ መጣል ነው። ስለዚህ ክሴ ሙያውን አይነካም። ክሴ ሙያውን በግማሽ ዋጋ ሸጠው ሙሉ ፊርማ በሚያኖሩት ላይ ነው።

አሁን ወደ ወግዲ ልመለስ።

በጥር ለሴሚስተር እረፍት አገሬ ገባሁ። እናቴ ቡናውን እያቀረበች የሰፈሩን ወሬ ስትነግረኝ የገንዘብ ያዡን ስም አነሳች። «ደመወዛቸው ይቆረጣል አሉ» አለችኝ። «የአህያውን ብር በልተዋል ብሎ አዲሳባ ያለ ሰው ጽፎባቸው።» ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለካስ ሪፖርታችን ወጥቶ 18,600ው ብር «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ተብሏል፤ ለጋሹ አልቀበልም ብሏል፤ ድርጅቱም ገንዘብ ያዡን ተጠያቂ አድርጎ በወር 1,550 ብር ለ12 ወር ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ወስኗል። አዲሳባ ያለው ሰው እኔ ነኝ።

ቤታቸው ሄድኩ። ተቀመጥ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። «አያ፣ አንቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን፣ አሻራውን፣ ማኪያቶውን ሳይቀር። ዝም ብለው ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በእርሳስ ነው የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ላጲስ አልነበረህም?»

በዚያ ሳምንት የሰፈራችን ቅሬ ስብሰባ ነበረው። ለከተማ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው፤ እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያዝንበት ማኅበር። ቅሬ ሒሳቡን በየጊዜው ያሰማል። ገንዘብ ያዡ ይቆምና ከማን ስንት ገባ፣ ለማን ስንት ወጣ፣ እህሉ ስንት ቁና፣ ድንኳኑ የት እንዳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ተሳሳትክ የሚል ካለ እዚያው ይነሳል። ሰሚው ጉባኤው ነው። እንግሊዞች ዘመን አልፏቸው የረሱትን ኦዲት የኔ አገር ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እስከ ዛሬ ይሠሩታል።

የቅሬው ዳኛ ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ከተራው ጉዳይ በኋላ «የሲሚንቶውን ነገር እንስማው» አሉ። «ያወረደ ይቁም።» ቆሙ። 29 ሰዎች ቆሙ። አንዱ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሄዷል፤ ታናሽ ወንድሙ ቆመለት። አንዱ በኅዳር አርፏል፤ ሚስቱ ተነሳች። አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ክርስቲያኑ በማርያም፣ እስላሙ በአላህ እየማለ፦ «አራት አወረድኩ፤ ስድስት መቶ ተቀበልኩ።» ከጎኑ ያለው «አዎ፣ አብረን ነው የወረድነው» ይላል፤ ሌላው «ያንተ አህያ ቀይዋ አይደለችም? አስታውሳለሁ» ይላል። እኔ እጽፋለሁ።

ተራው የሟቹ ሚስት ላይ ሲደርስ እንዲህ አለች፦ «አራት ነው። ግን አንዷ ከረጢት ቁልቁለቱ ላይ ተቀዳ ግማሹ ፈሷል። የከፈሉን የሙሉውን ነው። ይኸንንም ጻፈው፤ ባለቤቴ ሲያስበው ነበር።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚያ ፋይል ውስጥ የነበረው እውነተኛ ግድፈት እሱ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ከረጢት፣ የ75 ብር የጉዞ ዋጋ። ያንን ደግሞ ወረቀቱ አያውቀውም ነበር። 71 ሰዓት የፈጀው ምርመራችን አላገኘውም። አንዲት ሴት የባሏን ነፍስ ዕዳ ለማቅለል በራሷ ላይ ተናግራ አወጣችው። ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ዱዓ ተደረገ፤ ተበተንን።

ቃለ ጉባኤውን በሦስት ቅጂ ጻፍኩት። ስም፣ የከረጢት ብዛት፣ ማን የማን ምስክር እንደሆነ፣ ግማሿ ከረጢትም ሳትቀር፤ በ31 አሻራና በቅሬው ዳኛ ፊርማ። አንዱን ለእርዳታ ድርጅቱ፣ አንዱን ለኦዲት ቢሮው ላክሁ። ከቢሮው የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ የሒሳብ ዓመቱ ተዘግቷል፣ ለትብብርህ እናመሰግናለን። እርዳታ ድርጅቱ እያየሁት ነው ብሏል። ይህ ጽሑፍ እስኪታተም ድረስ ከገንዘብ ያዡ ደመወዝ ላይ ሦስተኛው ወር ተቆርጧል።

ስሜታዊ ሆንክ የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። «ሁሉ እንዳንተ አገር ሰው ይመስልሃል? ቅሬውስ ቢያብር? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር በሰው አፍ ልንመራ ነው?» እንዲህ የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። ወረቀት ይቅር አላልኩም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪና ያልተወራረደ ሒሳብ ሲዘረዘር፣ ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው ተደጋግሞ ይነሳል። እዚያ ወረቀት ይጠየቅ፤ ጠበቅ ተደርጎ ይጠየቅ! ማተሚያ፣ ማኅተም፣ ጠበቃና ሒሳብ ሹም ያለው ሰው ወረቀት ሲያጣ ያጠራጥራል። አህያ ብቻ ያለው ሰው ወረቀት ሲያጣ ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ጠያቂ ነው። ሕዝብ ሊያብር ይችላል ለሚለውም፣ ፊርማስ አያብርም እንዴ? የዋየርካርድ ሰነድ አላበረም?

እዚህ ላይ የወንድማችን ዋና ስሕተት ይገለጣል። ሥነ ጽሑፍ ወሬ ነው አለን። እኛ ግን ፎክሎር ስንማር የተማርነው ወሬን ከቃል ምስክርነት መለየት ነው። አንድ ቃል ሲሰበሰብ ከአንድ ሰው ብቻ አይወሰድም፤ ለየብቻ ይጠየቃል፤ ይመሳከራል፤ ተናጋሪው ምን እንደሚጠቅመው፣ ምን እንደሚጎዳው ይታያል፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰማው ሰው ይመዘገባል። በራሱ ላይ የሚናገር ሰው ቃሉ ይከብዳል። ይህ ዘዴ ነው፤ እንደ ሒሳቡ ዘዴ ሕግ ያለው ዘዴ። ለባለ ግጥሙ የምንጠነቀቀውን ያህል ለባለ አህያው ብንጠነቀቅለት ኖሮ አንድ ሰው አሥራ ሁለት ወር ባልተቀጣ።

ወንፈልንም ላንሳ። እኔ አንተ እርሻ ላይ ሁለት ቀን እውላለሁ፤ አንተ እኔ እርሻ ላይ ሁለት ቀን ትመልሳለህ። ሰጪና ተቀባይ፣ ዕዳና ብድር፣ ሁለት ጎን ያለው መዝገብ ነው፤ ፓቾሊ ቢያየው በደስታ በጻፈው ነበር። ስለዚህ የአገሬ ሰው ሒሳብ አያውቅም የሚለኝ ካለ ሒሳብን የማያውቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የኦዲት ድርጅቶች ሥራ ሲጫረቱ የመጠየቂያ ሰዓት ይያዙ። መንገዱ አያስኬድም ካሉ ስልክ አለ። ድሃ የፈረመበትን ወጪ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቁ ውድቅ ማድረግን በገዛ ደረጃቸው ይከልክሉት። ለጋሾችም በርካሽ የገዙት ፊርማ ማንን እንደሚያስከፍል ይወቁ።

ሁለተኛ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን አንድ ሴሚስተር ወደ እኛ ይላክ፤ የቃል ምስክርነት መሰብሰብን ይማሩ። እኛም ወደ እነሱ እንሂድ፤ ቫውቸር ማንበብ እንማር። እኔ ከዚያ ክረምት የተማርኩትን አላፍርበትም፤ ያሳፈረኝ ያልጠየቅሁት ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለተለማማጆች ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። በመጪው ክረምት ከመካከላችን ብዙዎች ወደነዚህ ቤቶች እንገባለን። ግቡ፤ እኔም ቢጠሩኝ እገባለሁ። ግን «እኔ ተለማማጅ ነኝ፣ የምፈርመው እኔ አይደለሁ» ብላችሁ እንዳትታለሉ። የምፈርመው እኔ አልነበርኩም፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ትልቁ ፊርማ የተቀመጠው በትንሿ ምልክቴ ላይ ነው። ተለማማጅነት ከክፍያ ነፃ ያደርጋል እንጂ ከኃላፊነት ነፃ አያደርግም። ያልጠየቃችሁትን ሰው ስም አጠገብ እርሳስ አታሳርፉ። ሰዓት የለም ካሏችሁ በምሳ ሰዓታችሁ ደውሉ፤ የገዛ ካርዳችሁን ሙሉና ደውሉ። እኔ ያንን ቀን ቁጥሩ ፊቴ ነበር፤ ስልኬም ኪሴ ውስጥ ነበር። ሲኒየራችን ከለከለችኝ ብያችኋለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግን የከለከለኝ አልነበረም።

ለወንድማችን ጸሐፊ የምለው ይህን ብቻ ነው። ቁጥር አይዋሽም ያልከው እውነት ነው። ቁጥር ግን አይናገርም፤ የሚያናግረው ሰው ነው። ያንን ሰው ሳትሰማ ከተነሳህ፣ አንተ ኦዲተር አይደለህም፤ እኔም አልነበርኩም።

የቃለ ጉባኤው ሦስተኛ ቅጂ ዶርሜ አለ። ማንም መጥቶ ማንበብ ይችላል። ግማሿ ከረጢት በሁለተኛው ገጽ ላይ ናት።

የወግዲው ተማሪ